ቤት በምን ይጀምራል?

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ልጅ ነው። ግማሹ ግን ስለ እኔ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ትምህርት ቤቱንም እንዲሁ። ደሴ ውስጥ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ጉም ካልሸፈነው ከክፍላችን መስኮት ጦሳ ይታያል። ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። ልጁ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ ስምንት ዓመቱ። አንደኛ ክፍልም ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ "ሲመጣ ጀምሮ እንዲህ ነበር" ብዬ የማሳብብበት ሌላ አስተማሪ የለም።

የክፍሉ ኮከብ እሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት የፊደል ገበታው ፊት ቆሞ፣ ዘንግ ይዞ፣ 61 ልጆችን ያስቆጥራል። "ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ!" ድምፁ ሦስተኛው ክፍል ድረስ ይሰማል። ርእሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው "ጎሽ!" ብለውት ይሄዳሉ። ከወረዳ ሰው ሲመጣ የማስነሣው እሱን ነው። አንብብ ሲሉት ያነባል። ሰዎቹም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እቀራለሁ።

የፓስቲ ዘይት

መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ምንባብ ተራ በተራ አስነብብ ነበር። የሱ ተራ ደረሰ። ተነሣ፣ መጽሐፉን ከፍ አደረገ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ አንድ ስሕተት ሳይሠራ አንበለበለው። አጠገቡ ያለችው ልጅ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና "ቲቸር፣ ገጹ እኮ ተጣብቋል" አለች።

ሄጄ አየሁ። እውነቷን ነው። አንዱ በእረፍት ሰዓት ፓስቲ የበላበትን እጁን አሳርፎበት ሁለት ቅጠል በዘይት ተጣብቀዋል። ልጁ ዓይኑ ሥር ያለው ስለ ንብ የሚያወራ ምንባብ ነው። አፉ የሚለው ግን ሳምንቱን ሙሉ ስንደጋግመው የሰነበትነውን፣ ተጣብቆ የተደበቀውን ገጽ ነው።

ልጆቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። እኔ ያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ።

በማግስቱ ከሻይ ቤት ቆርኪ ለምኜ 40 ሰበሰብኩ። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፌ አንድ አንድ ፊደል ጻፍኩ። ልጆች ሲወጡ እሱን አስቀርቼ ቆርኪዎቹን ጠረጴዛ ላይ በተንኳቸው። አንዱን አነሣሁ። ላ ነበር።

"ይሄ ማነው?"

ወዲያው አልመለሰም። እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ይታየኛል። "ለ፣ ሉ፣ ሊ… ላ!" አለ።

ትክክል ነው። ግን ቆጥሮ ነው የደረሰበት። ም አሳየሁት። ከመ ጀምሮ ስድስት ጣት ቆጥሮ ደረሰበት። ቸን ሳሳየው ደግሞ ከየት እንደሚጀምር ጠፋውና ዝም አለ። ሳይቆጥር፣ እንዳየ የጠራቸው 9 ብቻ ናቸው። እነሱም አብዛኞቹ ግዕዞቹ ናቸው፤ እነ ሀ፣ እነ ለ፣ እነ መ። የመደዳው በር ላይ የቆሙት ማለት ነው። የቀሩትን የሚያውቃቸው በዜማው ውስጥ እንጂ ለብቻቸው አይደለም።

እንዲህ ያለ ልጅ "ልብስ" የሚለውን ቃል ሲያነብ ምን እንደሚደርስበት አስቡት። ል ጋ ለመድረስ ከለ ተነሥቶ ስድስት ይጠራል። ብ ጋ ለመድረስ ሌላ ስድስት። ስ ጋ ለመድረስ ሌላ ስድስት። ሦስት ፊደል ለማንበብ 18 ፊደል ጠራ ማለት ነው። ስ ላይ ሲደርስ ል የት እንዳለች ረስቷታል። ታዲያ ምን ያድርግ? መሸምደድ ይቀለዋል። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እነቃበት ነበር። ጎበዝ ስለሆነ ነው ከአንድ ዓመት በላይ የሸወደኝ።

ሌላም ነገር ሞከርኩ። ፊደሉን ትቼ በጆሮው ብቻ ጠየቅሁት።

"ቤት በምን ይጀምራል?"

"በበሩ።"

"እሺ፣ ላም በምን ትጀምራለች?"

ትንሽ አሰበ። "በቀንዷ።"

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደግሞ ምን ይባላል በሚል ዓይን አየኝ። አልፈረድኩበትም። ለሱ "ቤት" ማለት ግድግዳና ጣሪያ ያለው ነገር ነው። ቃሉ ራሱ ድምፅ እንደሆነ፣ ድምፁም እንደ ዳቦ ሊቆረስ እንደሚችል ማንም ነግሮት አያውቅም። እኔም ፊደል ቆጠራውን ስጀምር ይህን የሚያውቅ መስሎኝ ነበር የጀመርኩት።

ማንን ላሳብብ?

በ2002 ዓ.ም. አማራ ክልልን ጨምሮ በስምንት ክልሎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህን ቁጥር በሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ። ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ። የኔ ክፍል ውስጥ ይኖራል ብዬ ግን አልፈለግሁም። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ በነፃ ነው የሚያልፈው፤ ካልፈለጉት ደግሞ የሚያጋልጠው ፈተና የለም።

ከዚያ የተለመደውን አደረግሁ። ጥፋተኛ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ጦርነቱን አገኘሁ። ልጁ ዜሮ ክፍል መግባት የነበረበት በ2014 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ደሴ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች። ከተማዋ በኅዳር መጨረሻ ብትመለስም የዚያ ዓመት ትምህርት እንዴት እንዳለፈ የደሴ ሰው ያውቀዋል። እውነተኛ ምክንያት ነው። ግን ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ እኔ ጋ ነበር።

ቀጥሎ አስጠኚውን አገኘሁ። እናትየው ከሌላት ላይ ከፍላ ማታ ማታ ታስጠናዋለች። የአስጠኚው ዘዴ አንድ ነው፤ ገበታውን ሙሉ መገልበጥ። 33 ፊደል በ7፣ በአንድ ምሽት 231። ደብተሩን አየሁት። የእጅ ጽሑፉ ከኔ ያምራል! ግን ስዕል ነው እየሳለ ያለው። መሀል ላይ አንዱን ፊደል አስቀርቼ ሌላውን በእጄ ሸፍኜ "ይሄስ?" ስለው እንደገና ከሀ ይነሣል።

በመጨረሻ ያገኘሁት ጥፋተኛ ቁርኣን ቤቱን ነበር። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል። ልጁ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ቁርኣን ይቀራል። አንዳንድ ቀን ስሙን ከደብተሩ ቀኝ ጠርዝ ጀምሮ የጻፈበት ጊዜ አለ፤ ዐረብኛው ከቀኝ ስለሚጀምር። "በቃ፣ ሁለቱ ተጋጭተውበት ነው" አልኩ። እናቱን አስጠርቼ "ለጊዜው ቁርኣኑን ቢያቆሙለትስ?" አልኳት።

አልተቆጣችም። "ቲቸር፣ እሱ እኮ እዚያ ያነባል" አለችኝ። "ካላመኑኝ ቅዳሜ ይምጡና ይዩት።"

ቅዳሜ ሄድኩ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጆቹ እያንዳንዳቸው ሉሃቸውን፣ የሚጻፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ይዘው የየራሳቸውን ጮክ ብለው ይቀራሉ። ላላወቀው ሰው የገበያ ሁካታ ነው። ኡስታዙ ግን አንድ በአንድ ይጠራሉ። የኔ ልጅ ተጠራ። ኡስታዙ በቀጭን እንጨት ሉሁ ላይ ያመለክታሉ። በተራ አይደለም። ከታች ወደ ላይ፣ ከመሀል ወደ ዳር። ልጁ ጣት አልቆጠረም። እንዳየ ይጠራል።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ኡስታዙ ሲጨርሱ አብራሩልኝ። "ባ፣ ታ፣ ሳ፤ እነዚህ ሦስቱ መልካቸው አንድ ነው፣ እህቴ። የሚለያቸው ነጥብ ነው። ባ አንድ ከታች፤ ታ ሁለት ከላይ፤ ሳ ሦስት ከላይ። ልጁ ነጥቧን ካላየ ተሳሳተ። ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው እሰማዋለሁ።"

እያንዳንዱን ለብቻው። እኔ 61 ልጅ በአንድ አፍ ነው የምሰማው። ከዚያ ጩኸት ውስጥ ማን እንደሚያነብና ማን ከንፈሩን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ እንዴት አውቃለሁ? ልጁ ፊደል መለየት የሚያቅተው ዓይነት አልነበረም። እኔ ጋ ሲሆን ብቻ ነው የሚያቅተው።

አቡጊዳ

ሰኞ ዕለት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ነገሩን አወራሁት። አንድ አዛውንት ባልደረባ አሉን፤ በልጅነታቸው ወሎ ቦረና ቄስ ትምህርት ቤት ስለተማሩ በቀልድ የኔታ እንላቸዋለን። ሻያቸውን እያማሰሉ ሳቁብኝ።

"ሀ ሁን ብቻ ነዋ ያስቆጠርሽው! አቡጊዳውስ?"

አቡጊዳ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ምን እንደሚሠራ ግን አስቤበት አላውቅም ነበር። ወረቀት አምጥተው ጻፉልኝ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቀጥለው በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ። አ ግዕዝ ነው። ቡ ከሌላ ቤተሰብ የመጣ ካዕብ። ጊ ከሌላ ቤት ሣልስ። እያለ እስከ ሳብዑ ዞ ይሄዳል። ሰባቱም ፊደል ከሰባት ቤት ነው። ቡን ለመጥራት በ ላይ መንደርደር አይቻልም፤ ከፊቱ ያለው አ ነው።

"ልጅማ ይሄንንም ይሸመድደዋል" አልኳቸው።

"ይሸምድደው! ቡን በሀ ሁው ዜማ አንድ ጊዜ አገኘው፣ በአቡጊዳው ዜማ ሌላ ጊዜ አገኘው። አንድን ሰው ሰርግም ለቅሶም ላይ ካየኸው መንገድ ላይ አትስተውም። ደግሞ የኔታ መች በዜማው ብቻ ይለቁናል? ስንደዶ ይዘው መሀል ላይ ያስቆሙናል።"

ቄስ ትምህርት ቤቱም ቁርኣን ቤቱም አንድ ነገር ያውቁ ኖሯል። መደዳው ልጁን እንደሚያታልል ያውቃሉ። ለዚህም አንዱ ስንደዶ፣ ሌላው እንጨት አዘጋጅቷል። እኛ ዘመናዊዎቹ ዜማውን ወርሰን ስንደዶውን ጥለናል። ይህን የምለው የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም። የኔታ ራሳቸው ስለ አለንጋው ሲያወሩ አሁንም ጀርባቸውን ያካሉ።

ሰባት ቆርኪ

ከታኅሣሥ ጀምሮ በሳምንት አራት ቀን፣ ከትምህርት በኋላ 15 ደቂቃ ያህል አብረን እንቀመጥ ጀመር። ገበታውን ገልብጬ ግድግዳ አስደገፍኩት። 231ዱን ትቼ ሰባት ቆርኪ ብቻ መረጥኩ። ላ፣ ም፣ ባ፣ ል፣ ብ፣ ስ፣ ት።

ለምን እነዚህን? ቃል ስለሚሠሩ። ላም፣ ላባ፣ ልብ፣ ልብስ፣ ስም፣ ባል፣ ትል፣ ባት። በሰባት ፊደል ስምንት ቃል። ደግሞ አምስቱ ሳድስ ናቸው። ማንኛውንም የአማርኛ ገጽ ግለጡ፤ ሳድስ የሌለበት መስመር አታገኙም። ገበታው ላይ ግን ሳድስ ስድስተኛ ነው፤ ልጁ ሲደክመው የሚደርስበት። ቅርጹም አመጸኛ ነው። ካዕብ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ ትቀጥልበታለህ፤ ሉ፣ ሱ፣ ቡ። ሣልስ እግሩ ሥር፤ ሊ፣ ሲ፣ ቢ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ ሌ፣ ሴ፣ ቤ። ል፣ ም፣ ስ፣ ብ፣ ት ግን ምን ያገናኛቸዋል? ሕግ የላቸውም። አንድ በአንድ መተዋወቅ ነው እንጂ መላ የለውም።

በሁለት ሳምንት ሰባቱን እንዳየ ይጠራቸው ጀመር። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። "ልብስ" ሲያነብ "ልእ፣ ብእ፣ ስእ" ይላል። ሦስቱንም ያውቃል፤ ቃሉ ግን አይወጣም። ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ ጽሑፉ ደግሞ አይነግርህም። ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ታስረዳዋለህ?

ያዳነን መናኸሪያ ነው። "ረዳቱ ሲጣራ ምን ይላል?" አልኩት። ወዲያው ተነሥቶ እንደ ረዳት ጮኸ። "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!" በጭብጨባ አስባልኩት። ኮም፣ ቦል፣ ቻ። ሦስት ጭብጨባ። ቆርኪ ሲደረድር ግን አምስት ሆነ፤ ኮ፣ ም፣ ቦ፣ ል፣ ቻ። ደሴን ሞከርን። ሁለት ጭብጨባ፣ ሁለት ቆርኪ። ግራ ገባው። ብዙ አሰበ። ከዚያ ም የተጻፈበትን ቆርኪ ወስዶ ኮ ላይ አስደገፈው። ል ን ደግሞ ቦ ላይ አስደገፈ።

"እነዚህ ታዝለዋል" አለ።

እኔ ያላመጣሁትን ቃል አመጣ። ከዚያ ወዲያ "ልብስ" ላይ ሲደናቀፍ "ማን ነው የታዘለው?" ብቻ እለዋለሁ።

ያልሠራም ሞልቷል። ስዕል ያለው ካርድ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስዕሉን እያየ ይገምታል፣ ፊደሉን ዞር ብሎ አያየውም። ባን ወደ ብ እና ኣ ልሰነጥቀው ሞክሬ ነበር፤ ዓይኑ ፈዘዘ። ለአማርኛ ልጅ ባ አንድ ቁራሽ ነው፤ አስቀድመህ ስትሰብረው ፍርፋሪ ነው የሚሆንበት። ትንሽ ቆይቶ ገበታውን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ስናነበው በራሱ ጊዜ መጣ። ላ፣ ማ፣ ሳ፣ ባ። "ሁሉም አፍ ያስከፍታሉ" አለኝ።

እነ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጀ ላይ ደግሞ ኡስታዙን ተበደርኩ። "ነጥቧን እንደምታይ አናቱን እይ።" ከሰ ወደ ሸ፣ ከተ ወደ ቸ፣ ከነ ወደ ኘ፣ ከደ ወደ ጀ የሚወስደው ያው አናት ላይ የሚደረገው ጭረት ነው። በአንድ ቀን ለያቸው። ላስቆመው የነበረው ቁርኣን ቤት ያሠለጠነው ዓይን ነው ይህን የሠራው።

ሀ፣ ሐ እና ኀ ላይ ተጣልተን ነበር። "ሦስቱም አንድ ከሆኑ ለምን ሦስት ሆኑ?" አለኝ። በግዕዝ የተለያየ ድምፅ እንደነበራቸው ልነግረው ጀመርኩና አሰልቺ ሆንኩበት። ክፍላችን ውስጥ ሦስት መሐመድ አለ። "እነሱስ ስማቸው አንድ አይደል?" ስለው ተስማማ። ለጊዜው ነው፤ ሰ እና ሠ ሲመጡ እንደገና ጠየቀኝ።

ቤት ውስጥ ቆርኪዎቹን የምትይዘው አያቱ ነበረች። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሳ ሆና ነው ፊደል የቆጠረችው። "እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ዘፈን ነበር የመሰለኝ" አለችኝ ስትስቅ።

ከሌሎቹ 60 ልጆችም በጣት የሚቆጥሩ አገኘሁ። ከሃያ በላይ ናቸው። አሁን በቀን አምስት ልጅ፣ በቆርኪ፣ ለየብቻ እሰማለሁ። ሌሎቹ በዚያ ሰዓት ይንጫጫሉ። ርእሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ሲሉ "ጎሽ" አይሉም። ክፍሉን ሁሉ ለማዳረስ ሁለት ሳምንት ተኩል ይፈጃል፤ አንዳንዴም የስብሰባ ቀን ይገባበታልና ሦስት።

ልጁ ሰኔ ላይ ያነባል፤ ግን አይፈጥንም። ጣቱን ከመስመሩ ሥር አያነሣም። እነ ቋ እና ጓ አሁንም ያስደነግጡታል። የክፍሉ ኮከብም አይደለም፤ ሌላ ልጅ ናት አሁን ዘንጉን የያዘችው። ትንሽ ቅር ብሎታል።

ትምህርት ሊዘጋ ሰሞን ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ጻፍኩለት። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ይመላለሳል። እሱን አስቤ ነው "አባባ ገና አልመጣም" ብዬ የጻፍኩት። ነጠላ ሰረዝ የለው፣ ምን የለው።

ቀስ ብሎ አነበበ። ገናን ግን ጠበቅ አድርጎ ነው ያነበበው፤ እንደ በዓሉ። ከዚያ ቆመ። ላላ አድርጎ ደገመው። ወደ ሰሌዳው ጠጋ አለ።

"ቲቸር፣ ያልመጣው ማነው? አባባ ነው ወይስ ገና?"

"አንተ ምን ትላለህ?"

"ገናማ ቅድም በብርዱ ጊዜ መጥቶ ሄዷል" አለ ቦርሳውን እያነሣ። "አባባ ነው።"